መርካቶ ላይ ጠብቅ

ባለፈው ሐሙስ መርካቶ የወረድኩት ለአንድ ሜትር ተኩል የኮት ገበር ነበር። ልጆቼ «አባባ፣ ይህን ኮት ጣለውና አዲስ እንግዛልህ» እያሉ ይነዘንዙኛል። ኮቱ የአባቴ የእጅ ሥራ መሆኑን ስንቴ ልንገራቸው? ብቻ ወረድኩ። ገበር የሚሸጠው አንደኛ ፎቅ ነው አሉኝ፤ ወጣሁ። የለም፣ ሦስተኛ ነው አሉኝ፤ ምርኩዜን ተደግፌ፣ ጉልበቴን እያሸሁ እሱንም ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ባለሱቁ ለዙሁር ሶላት ወርዷል ተባልኩ። እኔ በደረጃ ስወጣ እሱ በአሳንሰር ሲወርድ ተላልፈናል ማለት ነው። አሳንሰር መኖሩን ደግሞ የነገረኝ አንድ ሰው የለም! እኔም ለሶላት መውረድ ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ግን «ቤትህ ገብተህ ትሰግዳለህ» አለኝ። በንዴት ጦፌ ከሱቁ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አልኩ። አጠገቤ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተቀምጦ በስልክ ያወራል። «መኪናውን ከዚያ እንዳታንቀሳቅሺው» ይላል፤ ለልጁ መሰለኝ። «እዚያው ሆነሽ ጠብቂ። እኔ ስጠራሽ ትመጫለሽ። ጠብቂ።» ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ቁጣም የለበት፣ ፍቅርም የለበት።

ያንን ድምፅ መቃብር ውስጥ ሆኜ ብሰማው አውቀዋለሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን ዓመታት ሙሉ በጆሮዬ ተሸክሜዋለሁ። ስንትና ስንት ጊዜ ሰማይ ላይ አንጠልጥሎኛል። እሱስ ይሁን፣ ሥራው ነው። አንድ ቀን ግን አርባ ደቂቃ አንጠልጥሎኝ አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ። ሰው አባቱን የሚቀብረው አንዴ ነው። ያቺን አንዴ የነጠቀኝ ይህ ሰው ነው ብዬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስረግመው ኖሬያለሁ፤ በጾም ጭምር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፣ እኔም አላስታውሰው። የማስታውሰው ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም መሆኑን ነው። ከሲኒማ ራስ ፒያሳ በሰይቼንቶ ታክሲ በስሙኒ ይኬዳል፤ ባለታክሲው ኮትና ክራባት አድርጎ «ይግቡ ጌታዬ» ብሎ በር ይከፍትልሃል። ዛሬ ረዳቱ አንገትህን ይዞ ይጠቀጥቅሃል፤ ዘመን ነው፣ ምን ይደረጋል። ሱሪ ከታች ጠበብ ብሎ ጫማው ላይ አንዴ መታጠፍ ነበረበት፤ ሁለቴ ከታጠፈ ባለሱሪው ባላገር ነው። ሸሚዝ አንገቱ በስታርች ደርቆ ጉሮሮ ይሞርድ ነበር። በየሱቁ ደጃፍ ሬዲዮን ተሰቅሎ አንዱ ሱቅ የጀመረውን ዘፈን ቀጣዩ ሱቅ ይቀበለዋል፤ ከታላቁ መስጊድ እስከ አብነት ስትሄድ አንድ ቃል ሳያመልጥህ ዘፈኑን ጨርሰህ ትደርሳለህ። ጋሪው፣ ፈረሱ፣ ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» ይላል። ዞር የሚባልበት ቦታ ግን ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

እኔ እንድሪስ፣ የልብስ ሰፊው የሐሰን ልጅ፣ አብራሪ ነበርኩ። ጄት እንዳይመስላችሁ። አንድ ሞተር፣ አራት ወንበር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ ዛሬ የማይገኝ የአንድ የግል ድርጅት ንብረት። ፖስታ፣ መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ አንዳንዴም ወደ አውራጃ የሚሄድ ሐኪም ጭኜ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ እመላለሳለሁ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ትከሻዬ ላይ ሁለት ወርቃማ ጥብጣብ። የመርካቶ ሰው ግን በጥብጣብ አይደነግጥም። «እንድሪስ፣ ዛሬ ስታልፍ የኛን ቆርቆሮ አየት አድርግልን፣ የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶን ነው» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ «ከላይ ሲታይ የማን ሱቅ ይሰፋል?» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከርብኛል።

ችግሬ ሰማዩ ነበር። ሰው ሰማይ ሰፊ ይመስለዋል። የምን ሰፊ! አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ተከፍቶ ጄቶቹ መጉረፍ ከጀመሩ ወዲህ የከተማው ሰማይ የቅዳሜ መርካቶ ሆነ። እኛ ትንንሾቹ የምናርፈው በልደታ በኩል ካለው አሮጌው ሜዳ ነው። ትልልቆቹ ደግሞ ወደ አዲሱ ማረፊያ ሲወርዱ መንገዳቸው ከአሮጌው ሜዳ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አንድ ጄት ከሩቅ «እየመጣሁ ነው» ካለ፣ እኔ ሜዳዬን በዓይኔ እያየሁ መውረድ አልችልም። ፈቃድ የሚሰጠው በአዲሱ ማረፊያ ማማ ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ነው። እንጦጦን ተሻግሬ ሬዲዮኑን ስጫን ያ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ ሕጉ በእንግሊዝኛ ነው፣ «ኪሎ፣ ስታንድባይ» ይለኛል። ኪሎ የአውሮፕላኔ መጠሪያ የመጨረሻዋ ፊደል ናት። ስታንድባይ ማለት ደግሞ አፍህን ዘግተህ ጠብቅ ማለት ነው። የት? መርካቶ ላይ። ከሰሜን የሚመጣ ትንሽ አውሮፕላን የሚጠብቀው እዚያ ነበር፤ የመስጊዱን ሚናራ አይቶ እየዞረ፣ እየዞረ።

አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት። ነዳጁ ይነዳል፣ የክረምቱ ደመና ከኋላ ይገፋል፣ ጄቱ እንደ ሙሽራ እየተጎተተ ይመጣል። «አሁንስ?» እለዋለሁ። «ስታንድባይ።» «ነዳጄ እያለቀ ነው!» «ስንት ደቂቃ ያቆይሃል?» «አንድ ሰዓት።» «ስታንድባይ።» አይቆጣ፣ አይስቅ፣ አይሰድብ! ሰው ሲሰድብህ እንኳ መልሰህ ሰድበህ ይወጣልሃል። አሁን የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍታ «ባባ፣ ይኼኛው ከናይሮቢ ነው፣ ይኼኛው ከዱባይ፣ እየዞሩ የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው» እያለች ታሳየኛለች። ማየት አልፈልግም እላታለሁ። የሰው መጉላላት ምኑ ያስደስታል?

አባቴ ሱቁ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሱቅ ከተባለ ነው፤ የስፌት መኪናው በረንዳ ላይ፣ ጨርቁ ውስጥ፣ ደንበኛው መንገድ ላይ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌ በከንፈሩ ነክሶ፣ የወሎ ሰው ነውና ከደንበኛው ጋር ሲጫወት ይውላል። ስለ ስታንድባይ መከራዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ታዲያ የምትጠብቀው በኛው ደጅ ላይ አይደል? ምን ከፋህ?» አለኝ። «ስትመጣ ምልክት ስጠኝና ወጥቼ ልይህ።» ተስማማን። መርካቶ ላይ እንድጠብቅ ስታዘዝ የአውሮፕላኗን ክንፍ ግራ ቀኝ አወዛውዛለሁ፤ እሱ ሁለት ክንድ ነጭ አቡጀዲ ይዞ በረንዳው ጫፍ ላይ ወጥቶ ያውለበልባል። አንዱን ደንበኛ አንድ እጅጌ ብቻ አልብሶት ትቶት እንደሚወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ሐሰን፣ ሌላው እጄስ?» ሲሉት «ልጄ ሰማይ ላይ ቆሞ አንተ ለእጅጌ ትቸኩላለህ?» ይላል። ያንን ነጭ ጨርቅ ሳይ ንዴቴ ግማሹ ይበርዳል። ግማሹ ብቻ ነው፤ ማታ ቤት ስገባ ለሌላው ግማሽ ማማውን መርገሜ አይቀርም። አባቴም «አንተ ልጅ፣ ቁጣህ ካውሮፕላንህ ይፈጥናል» ይለኝ ነበር።

ያቺ ቀን እንዲህ ናት። ኮምቦልቻ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ስሄድ አባቴን ሳል ይዞት ነበር፤ «ይኼ ምንም አይደል፣ ለጉሮሮዬ የወሎ ማር አምጣልኝ» ብሎኝ አንድ ጣሳ ማር ከወንበሬ ጎን አስቀምጫለሁ። ጠዋት ደመና ተራራውን ዘግቶት ሰማዩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ስነሣም ረፍዷል። እንጦጦ ላይ ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ርቦኛል፣ ጀርባዬን አሞኛል፣ ማሩም እየፈሰሰ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። ሬዲዮኑን ተጫንኩ። «ኪሎ፣ ስታንድባይ። መርካቶ ላይ ጠብቅ።»

ዞርኩ። አንድ ጄት መጥቶ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። «አሁንስ?» «ስታንድባይ። ሌላ አለ።» ሌላ የለም! ሰማዩ ጥርት ብሎ ዝቋላ ድረስ ይታያል፤ አሞራ እንኳ የለበትም። ደግሜ ዞርኩ። «የታለ ሌላው?» «ስታንድባይ።» ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ይህ ሰው ዛሬ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው አልኩ። በዚህ መሃል ከመስጊዱ ሰው እየጎረፈ ወጣ። ከላይ ሲታይ ነጭ ኮፍያ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ቃሬዛ አለ፤ ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበሉት ወደ ኮልፌ መቃብር መንገድ ይዘዋል። ጀናዛ ነው። ጋሪው ቆመ፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ መንገዱ ጢም አለ። እኔ ምን አልኩ? መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ግን ልጻፈው። «ደግሞ ይኼ የማን ሬሳ ነው መንገዱን የዘጋው? አሁን ወርጄስ በየት በኩል ነው ቤቴ የምገባው?» አልኩ።

ክንፏን አወዛወዝኩ። ነጭ ጨርቅ የለም። ደገምኩ። በረንዳው ባዶ ነው፤ የስፌት መኪናው እንኳ አልወጣም። ሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ብዬ፣ ከተፈቀደልኝ በታች ዝቅ ብዬ፣ አወዛወዝኳት። ለቀስተኛው ቀና ቀና ብሎ አየኝ፤ አባቴ ግን የለም። በቃ፣ ያን ጊዜ የቀረኝ ትዕግሥት አለቀ። «ውጣ እንጂ አባባ! የት ነው ያለኸው?» ብዬ በአማርኛ፣ ብቻዬን፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ደቂቃ አልሞላም። «ኪሎ» አለ ሬዲዮኑ፤ «ማረፍ ትችላለህ።»

አረፍኩ። ሰው ቢሆን ማሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን እንድሪስ ነኝ፤ አውሮፕላኗን እንኳ በወጉ ሳላስር ቢሮ ገብቼ ጥቁሩን ስልክ አነሣሁና ማማው ላይ ደወልኩ። ያንን ድምፅ በስልክ ሳገኘው የዓመታት ቂሜ ገነፈለ። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። አርባ ደቂቃ በባዶ ሰማይ! ለበላይ አመለክታለሁ! ደመወዝህን የሚከፍልህ ማነው! እሱ «ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። «ቤቴን አንተ አታሳየኝም!» አልኩት። «ነገ እንነጋገራለን፣ አሁን ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። ይባስ ብዬ ተንጨረጨርኩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንጠለጠለኝን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። በመጨረሻ «እንድሪስ፣ እባክህ ስልኩን ዝጋና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። ስሜን ከየት አመጣው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። በሬዲዮ ኪሎ እንጂ እንድሪስ ብሎኝ አያውቅም።

ስልኩን ጠርቅሜ፣ አውሮፕላኗን አስሬ፣ ማሩን ይዤ ስወጣ አጎቴ ሐጂ ይማም ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ከታክሲ ሲወርዱ አገኘኋቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሜዳው ድረስ መጥተው አያውቁም። የማሩን ጣሳ ከእጄ ተቀበሉኝ። ጣታቸውን አየሁት፤ ጥፍራቸው ሥር ቀይ አፈር ገብቷል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። አባቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው ያረፈው፤ ከዙሁር በኋላ ቀብረውት ነው የመጡት። ጀናዛ አይቆይም፣ እኔ ደግሞ በደመና ተይዤ እመጣ አልመጣ የሚያውቅ የለም። በማንም አልፈረድኩም። የፈረድኩት በማማው ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰኝ ግን ማስተዛዘኛው ነው። ድንኳን የመጣው ሁሉ እጄን ይዞ «አይዞህ፣ ከማንም በላይ የሸኘኸው አንተ ነህ» ይለኛል። «ክንፍህን እያርገበገብክ ከሰማይ ስትሰናበተው ለቀስተኛው ሁሉ አለቀሰ!» አልፎ ተርፎ ግጥም ተገጠመልኝ። እናቴ በዚህ ወሬ ተጽናናች፤ እስክትሞት ድረስ ለመጣ ለሄደው ስትናገረው ኖረች። እኔ ምን ልበል? አላወቅሁም፣ እንዲያውም ሬሳውን እየረገምኩ ነበር ልበላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ያላደረግኩትን ደግ ነገር ሃምሳ ዓመት ሲያመሰግኑኝ እያጎነበስኩ እቀበላለሁ። እቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደተቆጣሁ፣ ስንት በር እንደጠረቀምኩ ልጆቼ ይንገሯችሁ፤ ምክንያቱን ግን አያውቁትም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት አጠገቤ የተቀመጠው ይህ ድምፅ ነው። ስልኩን ሲዘጋ ጠብቄ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ ድሮ ማማ ላይ ይሠሩ ነበር?» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «ማነዎት?»

«ኪሎ ነኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «እንድሪስ» አለ። «የሐሰን ልጅ።»

«አባቴን በምን አወቅኸው?» እርስዎ ማለቱ እዚያው ቀረ።

«ልብሴን የሚሰፋልኝ እሱ ነበር። ተፈራ እባላለሁ፣ ተክለ ሃይማኖት ነው ያደግሁት። ማማ ላይ መሥራቴን ካወቀ ወዲህ ልኬን ሲወስድ 'ልጄን ብዙ አታቆይብኝ' ይለኝ ነበር። መልሶ ደግሞ 'ጥቂት አቆየው፣ ወጥቼ ልየው' ይላል።»

በቁጣ ተነሣሁ። ሱቁን ልትጠብቅ የተቀመጠችው ልጅ ደንግጣ አየችን። «ታዲያ እያወቅኸው ነው አባቴን እንዳልቀብር ያደረግኸኝ? ባዶ ሰማይ ላይ? ሌላ አለ ያልከኝ የታለ?»

«አልነበረም» አለ። ያው ድምፅ ነው፣ አይቆጣ። «ቁጭ በል፣ ልንገርህ። አጎትህ አስምለውኝ ነው እንጂ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። የዚያን ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ሱሪዬን ልቀበል ሱቁ ጋ ብቅ አልኩ። ሰው ተሰብስቧል። ሐጂ ይማም የደንብ ልብሴን አይተው ወደ ዳር ወሰዱኝና 'አንተ ነህ ከልጁ ጋር በሰማይ የምትነጋገረው?' አሉኝ። 'ሰማይ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ብቻውን ወርዶም ከባለታክሲ አፍ እንዳይሰማው። ቀብረን መጥተን ሜዳው ላይ እስክንቀበለው አታውርደው' አሉኝ። እሺ አልኩ። እሳቸው ግን እሺ አልበቃቸውም። 'ባንተው በተክልዬ ማልልኝ፤ እኔ እንዳልኩህም በሕይወቴ እያለሁ እንዳትነግረው' አሉኝ። ማልኩ።»

ሐጂ ይማም! ከዚያ ቀን ጀምሮ በየኢዱ ጉልበታቸውን ስሜ ያስመረቅኋቸው ሰውዬ! የምናደድበት ሰው አጣሁ። በሞተ ሰው አይናደዱም። «እሳቸው ከሞቱ እኮ ስንት ዘመናቸው ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። አንተንም አየሁህ። አፌ አልከፈት አለኝ።» ባርኔጣውን አገላበጠው። «መሐላውን ግን ያኔውኑ አፍርሼዋለሁ። አልጠበቅሁም እኮ፣ አወረድኩህ።»

«መቼ?»

«ጣትህ ከሬዲዮው ቁልፍ ላይ አልተነሣም ነበር፣ እንድሪስ። 'ውጣ እንጂ አባባ' ስትል ሰማሁህ።»

ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ነው የኖርኩት።

«ተክልዬ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ፈቀድኩልህ» አለ። «ጀናዛው ገና ከመስጊድ መውጣቱ ነበር። ከሜዳው ኮልፌ በታክሲ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ቤትህም ብትሄድ ሴቶቹ ይነግሩህና ትደርሳለህ። አሰላሁት፣ ትደርስ ነበር። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። አንተ ነህ።»

«ስንት ደቂቃ ያዝኩህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሃያ ሁለት። ፊት ለፊቴ ሰዓት አለ፤ ከእሱ ሌላ ምን አይ ነበር? ሦስት ጊዜ ወደ ቤትህ ሂድ አልኩህ።»

«ለምን አልነገርከኝም! አባትህ ሞቷል ብትለኝ ምን ነበረበት!»

«በስልክ?» አለኝ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ደነገጠ። «የአባትህን መርዶ በስልክ?»

እኔም ብሆን አልነግርም። ማንም የሰው ልጅ የሆነ አይነግርም። ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ያንጠለጠለኝ እሱ አርባ ደቂቃ ነው፤ አባቴን የነጠቀችኝ ሃያ ሁለቷ ናት፣ እሷ ደግሞ የኔ ናት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት በር የጠረቀምኩት፣ ሚስቴን ያስቀየምኩት፣ በታክሲው በሰልፉ የተንጨረጨርኩት በማን ላይ እንደነበር ሐሙስ ዕለት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተነገረኝ። አለቀስኩ። ልጅቷ መሐረብ ሰጠችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት ሲወጣልኝ። «ክንፌን ያወዛወዝኩት እሱን ልሰናበት አልነበረም። አላወቅሁም። እንዲያውም ረግሜያለሁ። ሰዉ ሁሉ ግን…»

«አውቃለሁ» አለ ተፈራ። «ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ዝም ብዬ ሰማሁ። አለማወቅህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ባለሱቁ መጣና ገበሩን ለካልኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ አልተከራከርኩም፤ እሱም በዚህ ተጠራጠረኝ። ተፈራ አሳንሰሩን ያውቀው ኖሮ በእሱ ወረድን። ሱሪውንስ ተቀብሎ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው «ማንን ልጠይቅ? ቀረ» አለኝ። ደጅ ስንወጣ መንገዱ ቀጥ ብሏል። ከመስጊዱ በኩል ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ጋሪ ገፊው ሁሉ ቆሟል። አንድ ጎረምሳ ነጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቀዋል። ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ መንገዱን ልቀቁ! ምንድነው ይኼ?» ይላል። ጠጋ ብዬ በሩን አንኳኳሁ።

«ልጄ፣ የማን ሬሳ እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለኝ።

«እኔም አላወቅሁም ነበር» አልኩትና፣ ምርኩዜንና የገዛሁትን ገበር ለተፈራ አስይዤ፣ ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አስገባሁ።